ከአያት የወረደ ጠገራ ብር

በመተማ ቆላዋ ከተማ ሸሕዲ ውስጥ ተዝካር ወጥቶ ውርስ መከፋፈል ሲጀመር፣ ከሳጥን ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ወይም አፉ በጠፍር የታሰረ ከረጢት ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ሲፈታ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አንድ ዓይነት ነው፦ በአንድ ፊቱ ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች ደረተ ሙሉ ሴት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለበት ከባድ ጠገራ ብር። ማርትሬዛ ነው። ልጆቹ በዚያች ሰዓት የሚያደርጉት ነገር የአያታቸውን ጥሪት ወይ ያቆየዋል፣ ወይ ያረክሰዋል።

ይህ ብር ለመተማ ቆላ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከጎንደርና ከጎጃም የወረደ ቡና፣ ሰምና ማር ከሱዳን ጥጥ ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጦበታል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ነጋዴ ያለ ክርክር የሚቀበለው ገንዘብ ማርትሬዛ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ከወደቁ በኋላ ገበያው ቢቀዘቅዝም ብሩ ግን አልጠፋም። በዛሬዋ ሸሕዲ ለእርሻ፣ ለንግድ ወይም በሰፈራ ከደጋ የወረደ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ቋጠሮም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይወርዳል።

ወራሹን መጀመሪያ የሚያሳስተው ብሩ ላይ ያለው ዓመት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ይላል፤ ከጥቂቱ በቀር ግን ያን ጊዜ የተመታ አይደለም። በብሩ ላይ የምትታየው የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ስትሞት፣ የቀይ ባሕር አካባቢ ነጋዴዎች ከእሷ መልክ ውጭ ሌላ አንቀበልም ስላሉ የቪየና ማተሚያ ቤት ዓመቱን ሳይለውጥ መምታቱን ቀጠለ። ሚላንና ቬኒስም መቱት። እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለስንቅና ለአጋሰስ የከፈሉት ቪየና ላይ አስመትተው ባመጡት ማርትሬዛ ነው። ሙሶሊኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ፤ አገራችንን የወረረበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ለንደንና ቦምቤይም ተከተሉ። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደተመታ ይገመታል። ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጠራ ሻጭም፣ «ተራ ብረት ነው» ብሎ የሚያጣጥል ገዢም ሁለቱም ተሳስተዋል። በየትኛው ከተማና ዘመን እንደተመታ የሚለየው በደረቷ ላይ ባለው ጌጥና በንስሩ የጅራት ላባ ነው፤ ይህን ባለሙያ ብቻ ያነበዋል።

የብር ዋጋውን ግን ማንም በራሱ እጅ ሊያሰላው ይችላል። አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833ቱ ጥሩ ብር ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ይሆናል። የዓለም ገበያ የሚጠራው በ31.1 ግራም ወቄት ነውና አንዱ ማርትሬዛ የዚያ ሦስት አራተኛ ነው። የዕለቱን የአንድ ወቄት ዋጋ በ0.75 አባዝቶ በምንዛሪ መምታት ይበቃል፤ ሃያው ጠገራ 15 ወቄት ጥሩ ብር ማለት ነው። አቅልጦ የሚሠራ ገዢ ለድካሙ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይህ ተገቢ ነው። በግማሽ ለመውሰድ የሚከራከር ግን ወራሹ ሒሳቡን አያውቅም ብሎ ነው። በሰሊጥ ሚዛን አንዲት ኪሎ እንዳትጎድልበት የሚጠነቀቅ ሰው፣ የአያቱን ብር ሳይመዝን በቁጥር ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል።

እውነተኛነቱን ለመፈተን መጀመሪያ ጠርዙን ማየት ነው። ዙሪያውን ጎበጥ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይደበዝዛል። ማግኔት ሊስበው አይገባም። በልክ ምልክት ባለው ጠባብ መያዣ ውስጥ አሥሩ ቢከተቱ ውኃው ወደ 27 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፤ ክብደቱ ልክ ሆኖ ውኃው ከዚህ በግልጽ ከበለጠ ሌላ ብረት ተቀላቅሎበታል። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተበሳ ጠገራ ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል፤ ብሩ ግን ብር ነው።

ከሁሉ የምለምነው አትፈትጉት ብዬ ነው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ አሽቶ ማንጻት ለደግ የሚደረግ ጥፋት ነው። ጥቁረቱ አየር ውስጥ ያለ ድኝ የፈጠረው ስስ ሽፋን ሲሆን ብሩን አይበላውም፤ ፍትጊያው ግን የፊቷን ቅርጽ ጠርጎ ይወስዳል፤ የተፋቀ ብር ደግሞ ተመልሶ አይድንም። በጠርዙ ይያዝ፣ በደረቀ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። ላስቲክና ለስላሳ ፕላስቲክ በቆላ ሙቀት ብሩን ያበላሻሉ፤ በክረምት ደግሞ እርጥበት ከሚያስገባ መሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ውጭ የኖረ ዘመድ ያወረሰው በቱቦ የታሸገ አዲስ ብር ከሆነ ጠባዩ ሌላ ነው። ያው የቪየና ማተሚያ ቤት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመታው ፊልሃርሞኒክ የሚባል የብር ሳንቲም እያንዳንዱ አንድ ወቄት፣ ከሺህ 999 ጥራት ያለው ሲሆን ሃያ ሃያ ሆኖ በቱቦ ይታሸጋል። እዚህ ዕድሜ ዋጋ አይጨምርም፤ ገዢው የሚያምነው ማሸጊያውን ስለሆነ ሳይከፍቱ እንዳለ መዝኖ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከረጢቱ ውስጥ ግን አንበሳ ያለበት ጠገራ ከተገኘ ለብቻው ይውጣ። የዐፄ ምኒልክ ብር ነው፤ ፓሪስ ላይ ተመትቶ ፲፰፻፹፯ ወይም ሌላ ዓመት በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል። ሕዝቡ ማርትሬዛን ስለመረጠ ሙሉው ብር ብዙ አልተመታም፤ ስለዚህ በክብደቱ ብቻ የሚሸጠው ሰው ይጎዳል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ሰው እንዲያምነው አብሮ የወጣው የብር ሃምሳ ሳንቲምም ከአልባሌ ሳንቲም ጋር እንዳይቀላቀል።

ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ገላባት ወስዶ መሸጥ የሚያምረው አለ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፤ መሬት ሲቆፈር በድንገት የተገኘ ጥንታዊ ነገርም እንዲነገር ያዛል። ቤት ውስጥ የተወረሰም ቢሆን ከመሸጥ በፊት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቆ መነሳት ይሻላል።

ክፍፍሉ ሲደርስ መጀመሪያ በዓይነት ይለይ፣ እያንዳንዱ ተመዝኖ ፎቶ ይነሳ፣ በደብተር ላይ ሰፍሮ ሁሉም ይፈርምበት። ማርትሬዛው በቁጥር ይከፈል፤ የምኒልኩ ብር ግን ባለሙያ ዋጋውን እስኪናገር ሳይከፋፈል በታላቅየው እጅ ይቆይ።