የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ በቤተ ሰቡ መካከል

በአንድ ቤተ ሰብ መካከል ሐኪም ለመሆን የሚማር ልጅ ያለ እንደ ሆነ፥ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ ለጎረቤት ለማስረዳት ማንም አይቸገርም፤ ሕግ የሚማርም እንደ ሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነሪንግ የሚማረው ልጅ ወላጆች ግን በተጠየቁ ጊዜ «መብራት ነገር ይማራል» ከማለት በቀር የሚመልሱት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን እንዲህ ያለው ተማሪ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ፥ ቤተ ሰቡም ከእርሱ ጋራ እንዴት እንደሚኖር፥ ያየነውንና የሰማነውን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

«መብራት ነገር» የሚለውም ቃል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና። ነገር ግን የፊተኛው ኀይልን ከግድቡ አንሥቶ እስከ ምጣዱ የማድረስ ጥበብ ሲሆን፥ የኋለኛው ጥቂቱን ኤሌክትሪክ እንደ መልክተኛ እየላከ ድምፅንና ሥዕልን፥ ቍጥርንም የማመላለስ ጥበብ ነው። ለዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ የሆነችው ትራንዚስተር የተገኘችው በታኅሣሥ ወር 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ነው። ባርዲንና ብራተይን የተባሉት ሊቃውንት ጀርማንየም ከሚባል ማዕድን ሠርተው ባሳዩአት ጊዜ በእጅ የምትያዝ አንዲት ዕቃ ነበረች፤ እነርሱና ሾክሊ የተባለው ባልንጀራቸው ስለዚህ ሥራ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ግን በኪሳችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ፥ የጥፍር ያህል በሆነች አንዲት ቅንጣት ላይ፥ ብዙ ሺህ ሚሊዮን ትራንዚስተሮች እንደ ጦር ተሰልፈው ይሠራሉ። ተማሪው አምስት ዓመት የሚደክመው ይህን ሰልፍ ማዘዝ ለመቻል ነው።

በአገራችን የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ከቆመ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አምስት ኪሎ ሲባልም በብዙ ሰው አሳብ አስቀድሞ የሚመጣው ይኸው ትምህርት ነው። ብዙው ወጣት ከአባቱ ቤት ሲወጣ በማግሥቱ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም መስሎት ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገጥመው ግን ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ ሒሳቡም በገበያ የምናውቀው ሒሳብ አይደለም። ራሱን በራሱ ሲያባዙት ከዜሮ በታች የሚሆን ቍጥር አለ እንበል ተብሎ ይማራል፤ ይህም ምናባዊ ቍጥር ይባላል። የሒሳብ ሊቃውንት «አይ» በሚባለው የላቲን ፊደል ሲጽፉት፥ የኤሌክትሪክ ሰዎች ያንን ፊደል አስቀድመው ለኤሌክትሪክ ፍሰት ስለ ያዙት «ጄ» በሚባለው ይጽፉታል። አንዲት እናት ይህን ከልጃቸው በሰሙ ጊዜ «የሌለ ቍጥር ልትማር ነው ወይ ስንቅ አስይዘን የላክንህ?» ብለው ሲቀልዱ ሰምተናል። የሆነ ሆኖ ያለዚህ ቍጥር፥ በየሰከንዱ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የቤታችንን ኤሌክትሪክ እንኳ መመርመር እጅግ አድካሚ በሆነ ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚማረው የጀርመናዊው የኦም ሕግ ነው። ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ አባቱም ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው ለልጆቻቸው ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ሕጉን በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ብዙም አላከበሩለትም፤ የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ሜዳልያ የሸለመው ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

ተማሪው ወደ ላቦራቶሪ ሲገባ ደግሞ እንደ ሕፃን ፊደል መቍጠር ይጀምራል። ሬዚስተር የምትባለው የኤሌክትሪክን መንገድ የምታጠብ ቅንጣት እጅግ ታናሽ ስለ ሆነች ቍጥር አይጻፍባትም፤ መጠኗ የሚታወቀው በተቀባችው የቀለም ቀለበት ነው። ጥቁር 0፥ ቡናማ 1፥ ቀይ 2፥ ብርቱካናማ 3፥ ቢጫ 4፥ አረንጓዴ 5፥ ሰማያዊ 6፥ ሐምራዊ 7፥ ግራጫ 8፥ ነጭ 9 ማለት ነው። ሁለቱ ፊተኞች ቀለበቶች ቍጥር ሲሆኑ፥ ሦስተኛው ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይናገራል፤ ስለዚህ ቢጫ፥ ሐምራዊና ቀይ ያለባት 4700 ኦም ናት። የሰንደቅ ዓላማችን አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ በዚሁ ንባብ 5400 ኦም ይሆናል፤ ነገር ግን ፋብሪካዎች ዘወትር ከሚያወጧቸው መጠኖች ውስጥ ይህ ስለማይገኝ፥ ተማሪዎቻችን ባለ ሰንደቅ ዓላማዋን ሬዚስተር ፈልገው አያገኟትም። ይህ የቀለም ንባብ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ይያዛል፤ በአውቶቡስ ተቀምጦ የሰውን ልብስ ቀለም እያየ ቍጥር የሚያነብ ተማሪም አናጣም።

ቅንጣቶቹ የሚገጣጠሙት ብዙ ቀዳዳ ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ነው። ስሙን ብሬድቦርድ ይሉታል፤ የዳቦ ሰሌዳ ማለት ነው፤ የቀድሞ ሬዲዮ ሠሪዎች በእውነት የማዕድ ቤቱን የዳቦ መቍረጫ ገበታ ወስደው ሽቦአቸውን በላዩ ይመቱበት ስለ ነበረ ነው። በአንድ ኦሲሎስኮፕ ዙሪያ አምስት ስድስት ሆነው ቆመው፥ አንዲት ሽቦ ከቀዳዳዋ ስለ ላላች ብቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚፈልጉ ወጣቶችን አይተናል። ሽቦዋ በተገኘች ጊዜ የሚሰማው እልልታ ከሠርግ ቤት አያንስም።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በቋንቋችን ልብስ የሚተኰስበትም ሽቦ የሚበየድበትም መሣሪያ ካውያ ይባላል። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደ ነገረችን፥ ካውያ ገዝታ ወደ ቤት በገባች ጊዜ አያቷ ደስ ብሏቸው «እሰይ፥ ቤት መያዝ ልትለምድ ነው» አሉ። ከወረቀቱ የወጣው ግን ጫፉ ሹል የሆነ እንደ ብዕር ያለ ነገር ሆነ። አያቲቱም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የተቈረጠውን የመቍጠሪያ መብራታቸውን ሽቦ እንድትበይድላቸው አመጡላት። እስከ ዛሬም የቤቱ በያጅ እርስዋ ናት።

ነገሩ ሁል ጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባ የሚኖሩ ስማቸውን የማንጠቅሰው አንድ ጡረተኛ ሹም ልጃቸውን ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራሉ። ልጁ ሦስተኛ ዓመት በደረሰ ጊዜ፥ በገና ዋዜማ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ ትላለች እንጂ ሥዕል አይወጣም። አክስቱም «ኢንጂነር በቤት ተቀምጦ ለጠጋኝ ገንዘብ ይወጣል ወይ?» አሉ። ልጁ ጀርባውን ፈታው። በወረቀት ቢሆን ኖሮ ስለ ኤሌክትሪክ መለወጫው ክፍል አምስት ገጽ በጻፈ ነበር፤ እንዲህ ያለውን እውነተኛ ሰሌዳ ግን ከዚያ በፊት በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሦስት ሰዓት ያህል ደክሞ ምንም አላገኘም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቱ «ሦስት ዓመት የተማርኸው ምንድን ነው?» ብለው በለሰለሰ ቃል ጠየቁት። ቍጣ ቢሆን ይሻለው ነበር ብለን እናስባለን። ልጁ በዚያች ሌሊት ለእናቱ «ትምህርቱን ልተወው ነው፤ አይሆነኝም» ብሎ ነገራቸው፤ እናቱም ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን ብለው አስተኙት።

ከበዓሉ በኋላ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ በሰፈሩ ወዳሉት ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። እርሳቸው ገና ክዳኑ እንደ ተነሣ በመፍቻው ጫፍ አንድ ታናሽ በርሜል የመሰለ ነገር አሳዩት፤ ራሱ እንደ ቂጣ ነፍቶ ነበር።

«ይኸ ካፓሲተር ነው፤ ሲነፋ ሞቷል ማለት ነው። በዓመት ስንቱን እቀይራለሁ መሰለህ፥ ልጄ።»

«ጋሼ፥ ለምን እንደሚነፋስ ያውቃሉ?»

«እርሱን እንኳ አላውቅም። እናንተ ትምህርት ቤት ይነግሯችኋል ወይ?»

ልጁ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ምክንያት ወደ ጋዝ እየተለወጠ ክዳኑን እንደሚያነሣው፥ ሙቀቱም 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የዕቃው ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ነገራቸው። ሰሌዳውንም ባየ ጊዜ ካፓሲተሩ የተተከለው ከሚግለው የብረት ማቀዝቀዣ አጠገብ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ እስከ 85 ዲግሪ ብቻ በሚችለው ፈንታ እስከ 105 ዲግሪ የሚችለው እንዲገባ አሳሰበ። ሽማግሌውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ዕቃ ለያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቀይሩ የኖሩበትን ምክንያት በዚያች ሰዓት ማወቃቸውን ሲነግሩን ይሥቃሉ። የጥገናውን ዋጋም አልተቀበሉትም፤ በምትኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲመጣ ጠየቁት። ትምህርቱን የመተው ነገር ከዚያ በኋላ በቤቱ አልተነሣም።

በእኛ አስተያየት የተማሪ ቤቱን ትምህርት የሚነቅፉም የጠጋኙን እጅ የሚንቁም እኩል ተሳስተዋል፤ ይሁን እንጂ ይህን ለሌላ ጊዜ እናቈየው። እንዲህ ያለ ተማሪ በቤታቸው ያለ ወላጆች ግን አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ለመበየጃ የሚቀልጠው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። ሲበየድ የሚነሣው ጢስ በይበልጥ የሚወጣው ከውስጡ ካለው ሙጫ ነው፤ ሳንባን ይቈጣልና መስኮት ይከፈት። እርሳሱ ራሱ በጢስ ሳይሆን በጣት ይተላለፋል፤ እኛም እንጀራ በእጃችን የምንቈርስ ሕዝብ ስለ ሆንን ልጁ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ገበታ አይቅረብ፤ ሕፃናት በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይም አይበይድ። ደግሞም የቀድሞዎቹ ጀርባቸው የሚረዝም ቴሌቪዥኖች በመስታወታቸው ውስጥ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሠሩ ነበርና፥ ከግድግዳው ከተነቀሉም በኋላ ኤሌክትሪኩ ተከማችቶ ሊቈይ ይችላል። ልጁ ለዕቃው ሲል አሮጌ ቴሌቪዥን ሊፈታ ቢያመጣ፥ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሳይኖር ክዳኑን እንዳያነሣ ይከልከል። የቡና ሲኒ ውስጥ ያጠራቀማቸውን ቅንጣቶች ግን ጥራጊ መስለውን እንዳንደፋበት እንጠንቀቅ፤ የአንድ ወር የኪስ ገንዘቡ ሊሆን ይችላልና።

ያ የጡረተኛው ልጅ ዛሬ አምስተኛ ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለምሩቃን ሁሉ የተደነገገውን የመውጫ ፈተና ለመቀበል ሌሊት ሌሊት ያጠናል፤ ቀን ደግሞ የመመረቂያ ሥራውን ይሠራል። ሥራውም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኤሌክትሪኩ ከ220 ቮልት እጅግ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢመጣ፥ ከቤቱ ዕቃ ለይቶ የሚቈርጥ መሣሪያ ነው። መብራቱ ከተስተካከለም በኋላ የማቀዝቀዣው ሞተር ዐርፎ እንዲነሣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ባለፈው ክረምት ተቃጠለ፤ ሁለተኛው በአባቱ ቤት ከማቀዝቀዣው ጋራ ተያይዞ ይሠራል። አባቱም መብራት በተመለሰ ቍጥር ሰዓታቸውን አውጥተው ሦስቱን ደቂቃ ይቈጥራሉ። ሽማግሌው ጠጋኝ ደግሞ አንድ ለሱቃቸው፥ አንድ ለቤታቸው እንዲሠራላቸው አዘውታል፤ ቀብድም ከፍለዋል።