የክብደት መጠንና የክብደት ቦታ፦ ሂሊዮስ ከተባለው ሰው አልባ አውሮፕላን የሚገኝ ትምህርት

በከፍተኛ አየር ክልል ለረጅም ጊዜ የሚበር ሰው አልባ አውሮፕላን ሲባል ከደመናና ከመንገደኞች አውሮፕላን መስመር በላይ ወጥቶ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሳያርፍ የሚቆይ መሣሪያ ማለት ነው። ጥቅሙም እንደ ሳተላይት ከላይ ሆኖ መሬትን ለመቃኘትና የመገናኛ ሞገዶችን ለማስተላለፍ፣ ሥራው ሲያበቃም ተመልሶ ለማረፍ መቻሉ ነው።

በዚህ ዓይነቱ በረራ ላይ ሁለት ችግሮች ይደቀናሉ። አንደኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 2 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ የአውሮፕላኑ ክንፍ ረጅም፣ አካሉም እጅግ ቀላል ሊሆን ይገባዋል። ሁለተኛው ሌሊት ነው። ቀን ከፀሐይ የሚገኘው ኃይል ለሌሊት ካልተጠራቀመ በረራው ይቋረጣል፤ ማጠራቀሚያው ደግሞ የራሱ ክብደት አለው።

የአሜሪካው የሕዋ ምርምር ድርጅት ናሳና ኤሮቫይሮንመንት የተባለው ኩባንያ እነዚህን ችግሮች ደረጃ በደረጃ ለመፍታት ሞክረዋል። 30 ሜትር ያህል የክንፍ ርዝመት የነበረው ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. በ1997 ከ21,000 ሜትር በላይ ወጣ። ከእርሱ በኋላ የተሠራው ሂሊዮስ 75 ሜትር የሚረዝም ክንፍና 14 የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበሩት። ክብደቱ በክንፉ ርዝመት ላይ ስለተከፋፈለ ቀጭኑ አካል ሊሸከመው ችሏል። እ.ኤ.አ. በ2001ም 29,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ዓላማው ከከፍታ ወደ ረጅም ቆይታ ተዛወረ። ለሌሊቱ በረራ ሃይድሮጅንን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ከባድ መሣሪያ በክንፉ መካከል፣ የሃይድሮጅን ታንኮችም ወደ ሁለቱ ጫፎች ተጫኑ። በዚያው ዓመት በሃዋይ ደሴቶች አጠገብ ሲበር የአየር መናወጥ አጋጠመው። የክንፉ ጫፎች ከመጠን በላይ ወደ ላይ ጎበጡ፤ አውሮፕላኑ እየተወዛወዘ ፍጥነቱ ከተወሰነለት አልፎ ሄደና ተሰባብሮ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የምርመራው ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ሥራ ላይ የዋሉት የስሌት ዘዴዎች የጭነቱ አቀማመጥ መለወጥ የሚያስከትለውን አደጋ በትክክል ለመገመት የሚበቁ አልነበሩም።

ሙከራው ግን በዚህ አላበቃም። በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ዜፊር የተባለው ቀላል አውሮፕላን በባትሪ እየታገዘ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ64 ቀናት በአየር ላይ ቆይቷል።

ይህን ቁም ነገር በመማሪያ ክፍል ለማሳየት ብዙ መሣሪያ አያሻም። ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ በሁለት መጻሕፍት ላይ ተጋድሞ ጥቂት ጠመኔዎች በርዝመቱ ቢደረደሩበት በመጠኑ ይጎብጣል፤ እነዚያው ጠመኔዎች መካከሉ ላይ ሲከመሩ ግን ይበልጥ ይጎብጣል። ተማሪውም ክብደቱ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንዳረፈም መጠየቅ እንደሚገባው ይረዳል።