አስታማሚዋን ማን ይጠይቃት?

አስታማሚ የታመመ ዘመዱን የሚያጎርስ፣ የሚያጥብ፣ የሚያገላብጥ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የዚህ ሥራ ብዙው የሚወድቀው በዘመድ ላይ ነው፤ ሌሊቱም አልጋው አጠገብ መሬት ላይ በተነጠፈ ጋቢ ይነጋል። ሕመሙ ወር አልፎ ዓመት ሲደፍን አስታማሚው ራሱ መክሳት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ለራሱ ቢያስብ ከግዴታው ሸሸ ይባላል?

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሌላውን መርዳት ግዴታ ነው ይላል፤ መጠኑን ግን ቆርጦ አላስቀመጠም። አንድ ወሰን ብቻ ግልጽ አድርጓል፤ ሰጪው ራሱ የሰው እጅ ጠባቂ እስኪሆን መስጠት የለበትም።

ወሰኑ ሲታለፍ የሚመጣውን ዝለት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በራሱ ላይ አይቶታል። ይህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀን በግል ሥራው ውሎ፣ ማታ በኒው ዮርክ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ዝለት ሲጽፍ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት ለሥራው ራሳቸውን የሰጡት እንደሆኑ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለቱን የገለጸው ግን ከሥራ ቦታ ጋር ብቻ አያይዞ ነው። እናቷን ቤት ተቀምጣ የምታስታምም ልጅ በትርጉሙ ውስጥ የለችም።

እሷን የሚመለከተው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስቲቨን ዛሪትና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን የሚያስታምሙ 29 ሰዎች ተጠየቁ። የሸክማቸው ክብደት ከበሽተኛው ጠባይ መክፋት ጋር አልተያያዘም። ቀለል ያለላቸው ሌላው ቤተሰብ አዘውትሮ ብቅ የሚልላቸው ሆነው ተገኙ።

ብቅ ማለትስ በኢትዮጵያ መቼ ጠፋ! የታመመ መጠየቅ ቢታለፍ ነውር የሚሆን ወግ ነው። ጠያቂው ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርዎት» ይላል፣ ይሄዳል። አስታማሚዋን ግን «አንቺስ እህል ቀምሰሻል?» የሚላት ጥቂት ነው፤ ይባስ ብሎ ለጠያቂው ቡና የምታፈላው እሷ ናት። ወንድምና እህት ቢኖራትም፣ ያላገባችው ወይም ቤት የቀረችው እሷ ከሆነች ተራው ሁልጊዜ የእሷ ነው። ውጭ አገር ያለው የመድኃኒቱን ገንዘብ ይልካል፤ ከተማው ውስጥ ያለው ግን ሌላም ነገር ይዞ መምጣት ይችላል። ቡናውን ጠጥቶ ከመነሳቱ በፊት «ዛሬ እኔ ልደር፤ አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ» ይበላት።