ባንኩም መርማሪውም የመንግሥት ሲሆኑ

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዲሴምበር 17 ቀን 2013 የኢስታንቡል ፖሊስ በሙስና ጠርጥሮ በርካታ ሰዎችን ያዘ። ከተያዙት መካከል የሚኒስትሮች ልጆችና ሬዛ ዛራብ የተባለ የወርቅ ነጋዴ ይገኙበታል። በሃልክባንክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ቤት ደግሞ በጫማ ካርቶን የታጨቀ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ።

ሃልክባንክ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለእጅ ባለሙያዎች እንዲያበድር በ1930ዎቹ የተቋቋመ፣ አብዛኛው ድርሻው የቱርክ መንግሥት የሆነ ባንክ ነው። ቱርክ ለኢራን ነዳጅና ጋዝ የምትከፍለው ገንዘብ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ኢራን በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ገንዘቡን እንደልቧ ማንቀሳቀስ አትችልም ነበር። ዛራብ በወርቅ እየለወጠ ያወጣላት ጀመር። ያ መንገድ ሲጠብ፣ ያልተሸጠ ምግብና መድኃኒት እንደተሸጠ የሚያስመስሉ ሰነዶች ተዘጋጁ።

ሰዎቹ በተያዙ በሁለት ቀን ውስጥ የኢስታንቡል ፖሊስ አዛዥ ከቦታው ተነሣ። መርማሪዎቹና ዐቃቤ ሕጎቹም ተራ በተራ ተዛወሩ። ሦስት ሚኒስትሮች ሥልጣን ቢለቁም፣ በ2014 መዝገቡ ተዘጋ፤ የካርቶኑ ገንዘብም ለሥራ አስኪያጁ ተመለሰ። በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶዋን ጉዳዩን የሃይማኖት መሪው የፌቱላ ጉለን ተከታዮች ያቀነባበሩት የፍርድ ቤት መፈንቅለ መንግሥት ነው አሉ። የጉለን ሰዎች በፖሊስና በፍርድ ቤት ውስጥ ሥር ሰደው ስለነበር የኤርዶዋን ክስ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የመርማሪው ወገን ማንም ይሁን፣ ያ ሁሉ ዶላር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረበት። ጥያቄው ወደ ባንኩ ባለቤት ወደ መንግሥት የሚያመራ በመሆኑ፣ የሚጠይቀው ጠፋ። ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው።

ከመርማሪዎቹ አንዱ ማስረጃውን ይዞ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ኋላም በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት መሰከረ። ዛራብ በ2016 ማያሚ ላይ ተይዞ ጥፋቱን አመነና ለቱርክ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ጉቦ መክፈሉን ተናገረ። የባንኩ ምክትል ሥራ አስኪያጅ በዚሁ ጉዳይ በ2018 የ32 ወር እስራት ተፈረደበት። ፍርዱን ጨርሶ በ2019 ወደ ቱርክ ሲመለስ የኢስታንቡል አክሲዮን ገበያ ዋና ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ወንጀለኛ የተባለው ሰው ለባለቤቱ ታማኝ አገልጋይ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ባንኩ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ተከሰሰ። ተከሳሹ የግል ባንክ ቢሆን በጠበቃ ብቻ ይከራከር ነበር፤ የሃልክባንክን ጉዳይ ግን ኤርዶዋን ራሳቸው ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ያነሡት ነበር። የቀድሞው የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ጆን ቦልተን በ2020 ባሳተሙት ማስታወሻ፣ ትራምፕ ጉዳዩን እንደሚያስተካክሉ ለኤርዶዋን ቃል ገብተው እንደነበር ጽፈዋል።

ባንኩ «የመንግሥት ንብረት ስለሆንኩ በወንጀል አልከሰስም» ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኤፕሪል 2023 ሰባት ዳኞች፣ ሌሎቹ ሁለቱ በከፊል ተለይተው፣ የ1976ቱ የውጭ መንግሥታት ከለላ ሕግ የሚሠራው ለፍትሐ ብሔር ክስ ብቻ ነው ሲሉ ወሰኑ። የቀረውን ክርክር የተመለከተው የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2024 ከለላውን ነፈገው፤ ክሱ የተነሣው ከንግድ ሥራ እንጂ ከመንግሥታዊ ተግባር አይደለምና። ይህ ውሳኔ በዶላር የሚገበያዩትን፣ ከአሜሪካ ጋር የሚሠሩትን የኢትዮጵያን የመንግሥት ድርጅቶችም ይመለከታል፤ የሕግ ክፍሎቻቸው ገልጠው ሊያነቡት ይገባል።