እንግዳን የሚያሳድረው ምንድን ነው? ከማልታ ማርሳዎች እስከ ሐብሩዋ መርሳ

በዐረብኛ «መርሳ» ማለት መርከብ መልሕቁን የሚጥልበት ወደብ ነው። ቋንቋዋ ከዐረብኛ የሚወለደው የሜዲትራኒያኗ ደሴት ማልታም ማርሳ፣ ማርሳሽሎክ፣ ማርሳስካላ የሚባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች አሏት። የሐብሩ ወረዳዋ መርሳ ከተማ ግን ባሕር የላትም፤ ያላት ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። መንገደኛው መኪናውን ያቆማል፣ ማንጎውን ይገዛል፣ መንገዱን ይቀጥላል። መልሕቅ የሚጥል ግን ጥቂት ነው። በሚያልፍ እንግዳና በሚያድር እንግዳ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ምን ያህል ነው?

ማልታን የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ በመላጥያ ስሟ ያውቃታል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴት ናት። ዛሬ ነዋሪዎቿ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎችን አስተናግዳለች፤ ወጪያቸውም የጉዞ ትኬታቸውን ጨምሮ ወደ 3.3 ቢሊዮን ዩሮ ደርሷል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የአዳሩ ቁጥር ነው። ጎብኚዎቹ በድምሩ 23 ሚሊዮን ገደማ ሌሊት አድረዋል። አንዱ እንግዳ በአማካይ ከስድስት ሌሊት በላይ ቆይቷል ማለት ነው።

ሰው ስድስት ሌሊት የሚቆየው አልጋው ስለተመቸው ብቻ አይደለም፤ ለነገ የሚያደርገው ነገር ስላለው ነው። ዛሬ ይዋኛል፤ ነገ በጀልባ ወደ ጎዞና ኮሚኖ ደሴቶች ይሻገራል፤ እሑድ ማርሳሽሎክ የዓሣ ገበያ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ቀን ጥንታዊቷን ምዲናን በእግሩ ይዞራል። እያንዳንዱ ቀን ለጀልባ ቀዛፊው፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለአስጎብኚው የየራሱን ድርሻ ያስገባል።

የቱሪዝም ገቢ አራት ነገሮች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው፦ የእንግዳው ብዛት፣ የሚያድርበት ሌሊት፣ በቀን የሚያወጣው ገንዘብና ከዚያ ውስጥ በአካባቢው የሚቀረው ድርሻ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነገር ግን እንግዳው ሳይጨምር ቆይታው ከአንድ ሌሊት ወደ ሁለት ቢያድግ ገቢው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ያም አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሠራ ነው።

አራተኛውን የሐብሩ ገበሬ ከእኔ በላይ ይረዳዋል። ወንዝ ተጠልፎ የመጣ ውኃ ቦዩ ከሾለከ ማሳው አይጠጣም። ምግቡን፣ መጠጡንና መዝናኛውን በአንድ ክፍያ ጠቅልሎ የሚሸጥ ግዙፍ ሪዞርትም እንዲሁ ነው፤ እንግዳው ከግቢ ሳይወጣ ይሰነብታል፣ ትርፉ ባለቤቱ ወዳለበት አገር ይሾልካል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲጓዙ ውጫሌን አልፎ «ሐይቅ» ተብሎ የሚጠራው ሐይቅ አለ። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ ውኃ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውኃው ሸሽቶ ዛሬ በየብስ ይደረሳል። መስከረም 21 አምባሰል ላይ ግሸን ማርያም ትነግሣለች፤ ታኅሣሥ 29 የላሊበላው ልደት ይከበራል፤ ከደቡብ በዚህ ጎዳና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምዕመን መርሳን ሳይረግጥ አያልፍም።

የጎደለን የሚታይ ነገር ሳይሆን፣ ለሁለተኛው ቀን የተሰናዳ ነገር ነው። ጠዋት በመርሳ ማሳ ውስጥ ማንጎ ከዛፉ ቀጥፎ መብላት፣ ከሰዓት በሐይቅ ጀልባና ከዚያው የወጣ ዓሣ፣ በማግስቱ የ1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ውል የተፈረመበት ውጫሌ። ይህን የሚያስተሳስር የወጣቶች ማኅበር፣ የተለጠፈ ዋጋና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ከብዙ ሚሊዮን ብር ሕንፃ በፊት ሊመጡ ይገባል። በዛፉ ሥር የሚሸጥ ማንጎ በመኪና መስኮት ከሚሸጠው ይልቅ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፤ ከፍሬው ጋር ቀኑም ይሸጣልና።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሰላም ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ጎዳና ላይ ያለፈበትን፣ ከዚያም ወዲህ መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋበትን ሕዝብ «እንግዳ ጥራ» ማለት ይከብዳል። ቱሪዝም ፍርሃትን ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ ሲመለስም ከሁሉ ዘግይቶ ነው። ዝግጅቱን ግን ሰላሙ እስኪሞላ ማቆየት የለብንም።

ሌላው ጥንቃቄ የልክ ነው። ማልታ እ.ኤ.አ. በ2016 ከእንግዳ በአዳር 50 የዩሮ ሳንቲም ለአካባቢ ጥበቃ መሰብሰብ ጀመረች፤ በ2025 ደግሞ በኮሚኖ ደሴት ብሉ ላጉን ዳርቻ የሚወርድ ጎብኚ አስቀድሞ እንዲመዘገብ አስገድዳለች። ሐይቅ ከዚህ የጠነከረ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የጣልንበት ቆሻሻ ከዚያው ይቀራል። ስለዚህ የአዳር ክፍያው ከመጀመሪያው ሎጅ ጋር አብሮ ይጀመር፤ ገንዘቡም ውኃውን ለሚጠብቁት ቀበሌዎች በቀጥታ ይድረስ።

ከላሊበላ የሚመለስ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ምዕመን መርሳ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ እራቱ፣ ቡናው፣ አልጋውና የማግስቱ ፍራፍሬ ከዚያው ከተማ ይገዛል። የመርሳን ልማት ከዚህች አንዲት ሌሊት እንጀምር።