መኪና ማገላበጫ፦ ከጉልበት በፊት ሚዛን

ከፊያት 124 የተወረሰችው ላዳ ለብቻው የቆመ ሻሲ የላትም። ወለሏ፣ ጎኗና ጣሪያዋ አንድ ላይ የተበየደ ላሜራ ነው፤ ወለሏ በዛገ ቁጥር የምትደክመው መላዋ መኪና ናት። ይህን ወለል አብዛኛው ጋራዥ የሚበይደው መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በያጁን ከሥሯ በጀርባው አስተኝቶ ነው። የቀለጠው ብረት አንገቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ብየዳውም ከላይ የያዘ ይመስላል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። መኪናዋን በጎኗ የሚያቆም ማገላበጫ ቢኖር በያጁ ቆሞ፣ እያየ ይሠራ ነበር። ይህን የመሰለ መሣሪያ በየጋራዡ አለመኖሩ ያንገበግበኛል።

አሠራሩ አጭር ነው። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ የሚቆሙ ሁለት የብረት ቋሚዎች፤ በየአናታቸው ቱቦ ውስጥ የሚዞር ቱቦ፤ ከቱቦው ጫፍ ደግሞ ፓራውልቱ በወጣበት ቦታ በቡሎን የሚታሰር ክንድ። ያገለገለ ቱቦላሬና ወፍራም ቱቦ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ሁለቱ መዞሪያዎች አንድ መስመር ላይ መዋላቸውን ሲባጎ ወጥሮ ማየት ይበቃል።

ማገላበጫውን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን «ስንት ሰው ያዞረዋል?» ብሎ ነው። አንዳንዱ ሞተር ሊገጥምለት ያስባል፤ ሌላው ብረቱን ያወፍራል። ጉልበት የሚጠይቅ ማገላበጫ ሚዛኑን የሳተ ማገላበጫ ነው። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና እግሮቿ የወጡላት መኪና 300 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። የክብደቷ ማዕከል ከምትዞርበት መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ከራቀ፣ በጎኗ ስትቆም የአንድ ሜትር እጀታ ጫፍ የያዘ ሰው 30 ኪሎ ይሸከማል። ርቀቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ሸክሙ 3 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ትዞራለች።

ሚዛኑን ለማግኘት ስሌት አያስፈልግም። መኪናዋን በጥቂቱ ዘንበል አድርጎ፣ እጅን ሳያርቁ ማየት ነው። ወደነበረችበት ከተመለሰች ክብደቷ ከመዞሪያው በታች ነውና አካሏ በክንዱ ላይ ከፍ ይበል። ይባስ ልትገለበጥ ከገፋች ክብደቷ ከላይ ነው፤ ዝቅ ይበል። ባቆሟት ቦታ ከቆመች ተገኘ። ክንዱ ላይ የተቀራረቡ ብዙ ቀዳዳዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። አንድ ቦታ ላይ በይዶ የሚጨርስ ሰው ይህን ዕድል ራሱ ይዘጋል። በር ወይም ኮፋኖ በወጣና በገባ ቁጥር ማዕከሉ ስለሚዛወር ሙከራው ይደገማል።

አንድ የማውቀው ባትላሜራ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ በጎኗ ሲያቆም አጠገቡ ነበርኩ። ከበሮቹ ሥር ከሚሄደው ባዶ የብረት ሣጥን እርጥብ አፈር፣ የዝገት ቅርፊትና ሁለት ሳንቲሞች ተራገፉ። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ጭቃ ደፍኗቸው፣ ሣጥኑ ክረምት ያስገባውን እንደያዘ ቆይቷል። ከሥር ተኝቶ የሚበይድ ሰው ይህን አያየውም፤ በላዩ አዲስ ላሜራ ይለጥፍበታል።

ቸኩሎ መቁረጥ ግን ይቅር። የነዳጅ ታንኩ ይውጣ፤ መዞሪያው በወፍራም ፒን ሳይቆለፍ ማንም አይጠጋ፤ ሰው በእጁ ይዟት ሌላው ከሥር እንዲገባ ማድረግ ነውር ነው። ያ ሣጥን ከመቆረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ ቱቦላሬ ተበይዶ አካሉን ይደግፍ። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ መቁረጥ የለም፤ አንዱ ተበይዶ፣ በሩ ተገጥሞ በደንብ መዘጋቱ ከታየ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይታለፋል።