በወስፌ የሚወጣ ሐረግ

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው በጅጋና በዙሪያዋ ባለው ገጠር፣ እንደ ሌላው የጎጃም አገር ሁሉ፣ እናት ለልጅዋ ከምታወርሳቸው የእጅ ጥበባት አንዱ ስፌት ነው፤ መሶቡንና አገልግሉን አይቶ የሚያደንቅ ብዙ ሲሆን፣ ውበቱ ከቁጥር የሚወለድ መሆኑን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ስንደዶው ይነቀላል፣ አክርማውም ይሰነጠቃል፤ ከአክርማው በቀለም የተነከረው አለላ ይባላል። ሰፊዋ የስንደዶውን ጥቅል በወስፌ እየወጋች፣ በውሃ የራሰውን አክርማ በቀዳዳው አሳልፋ ትጠመጥመዋለች፤ ሥራውም ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ ያድጋል። ዝርግ እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር የጥቅሉን ውፍረት 6 እጥፍ ያህል ስለሚረዝም፣ የጥምጥሙም ቁጥር አብሮ ይበዛል።

አዲስ ሐረግ፣ ማለትም አዲስ ጌጥ፣ ለማውጣት የምትሻ ሴት የቀዩን አለላ ጠርዝ በየዙሩ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጥምጥም ብታሰፋው ሦስት ማዕዘን ይከፈታል፤ ሁለቱንም ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ብታሻግረው ጌጡ ጋደል ብሎ ይዞራል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሁለት ቀለማት ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ሲገናኙ ነው፤ ቀዩን ሳታቋርጥ አረንጓዴውን ለጥቂት ጥምጥም ብትሰውረው፣ ሁለቱ እንደ ተገመደ ገመድ ተጠላልፈው ይታያሉ። በአየርላንድ የአራን ደሴቶች ሹራብ ሠሪዎች ይህንኑ መልክ የሚያወጡት ጥቂት የክር ቀለበቶችን በትርፍ መርፌ ላይ አቆይተው ቦታቸውን በማለዋወጥ ሲሆን፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን ደግሞ ሐረጋቸውን በብርዕ ይሥላሉ። ሆኖም ለጸሐፊው ብራናው አስቀድሞ ተወጥሮና ተፍቆ ይቆየዋል፤ ሰፊዋ ግን መደቡንም ሐረጉንም በአንድነት ትፈጥራለችና፣ ጥበብዋ ከእርሱ ጥበብ ያንሳል ቢሉኝ አልቀበልም።

ብርቱው ፈተና የዙሩ መዝጊያ ነው። በዙሩ 96 ጥምጥም ቢኖርና 8 ሐረግ ብታስብ ለእያንዳንዱ 12 ይደርሰዋል፤ 100 ቢሆን ግን 4 ይተርፋልና፣ ያላሰበችበት እንደሆነ የመጨረሻው ሐረግ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ አንካሳ ይሆናል። የለመደች ሰፊ ትርፉን በአንድ ስፍራ አታከማችም፤ በሐረጎቹ መካከል ባለው ነጭ መደብ ላይ አንዳንድ እያለች ታከፋፍለዋለች፣ ዓይንም አያገኘውም። እንደ ሙዳይ ግድግዳው ቀጥ ብሎ በሚቆም ዕቃ ላይ ግን ዙሩ ማደጉን ስለሚተው ቁጥሩ ይጸናል፤ የራስዋን ሐረግ ለመሞከር የምትነሣ ወጣት ከዚያ ብትጀምር ይሻላታል።